ለሰፈር እድር የኮርስ ፕሮጀክት እንዴት ይሠራል?

በዚህ ሴሚስተር «ለአንድ የአካባቢ ማኅበር የሚጠቅም ሥራ ሠርታችሁ ኑ» ከተባላችሁ፣ እድር ምረጡ። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ፣ ከግቢው ወጣ ስትሉ እድር አታጡም። መዝገብ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ የሚያከራየው ድንኳንና ድስት አለው። ለአካውንቲንግም ለኮምፒውተር ሳይንስም ተማሪ ሥራ ሞልቷል። እኔ ደብረ ማርቆስ ስማር ከአራት ጓደኞቼ ጋር ለአንድ እድር የመዋጮ መከታተያ ሠርቻለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

1. ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። ማህተሙን አትርሱ።

2. ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ ግን አትሂዱ። ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው፣ ለምሳሌ ቤት ያከራዩአችሁ እናት፣ ቀድመው ለእድሩ ዳኛ ይንገሩላችሁ። የገበሬዎች ማኅበር ከመረጣችሁ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስብሰባ አትጥሩ፤ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማንም አይመጣላችሁም።

3. «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ከጠየቃችሁ «ኮምፒውተር የለንም» ወይም «የገንዘብ እጥረት» ትባላላችሁ፣ ምክንያቱም እንግዳ ሲመጣ የሚባለው እሱ ነው። ይልቅ ጸሐፊውን «ጋሼ፣ መዝገቡን አብረን እንየው» በሏቸው። አንድ የመዋጮ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡ። ማን ለማን እንደሚከፍል፣ ቅጣት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ያቺ በቀይ እስክሪብቶ የተደረገች ሰረዝ ምን ማለት እንደሆነች ያኔ ይገባችኋል። ባል ሲሞት ሚስት በራሷ ስም ትመዘገባለች ወይስ የባሏ ስም ይቀጥላል? እንዲህ ያለው ጥያቄ በመጠይቅ አይወጣም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። መዝገቡን ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሱ። ክፍል ውስጥ ስታቀርቡም የአባላቱን ስም አታሳዩ፤ ያለባቸው ውዝፍ የክፍል ወሬ መሆን የለበትም።

4. ሥራውን ትንሽ አድርጉት። ዌብሳይት የሚሉትን ነገር እኔ አልወደውም። እናንተ ተመርቃችሁ ስትሄዱ የሆስቲንጉን፣ ማለትም ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ እንዲቆይ በየጊዜው የሚከፈለውን ክፍያ ማን ይከፍላል? ኤክሴል ይበቃል። ጸሐፊው ቤት ላፕቶፕ ከሌለ ደግሞ በደንብ የተሠመረ የወረቀት ቅጽ ከየትኛውም ሲስተም ይሻላቸዋል።

5. ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጉ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን በደንብ ልንገራችሁ። እድሩ መዋጮ የሚሰበስበው በየወሩ በማርያም ዕለት፣ በ21 ነበር። እኔ ግን ለራሴ ስለቀለለኝ ብቻ ሁሉን ነገር በፈረንጅ ቀን ሠራሁት። መስከረም 21 ቀን 2015 በፈረንጅ ኦክቶበር 1 ነው። ጥቅምት 21 ደግሞ ኦክቶበር 31። የሁለት ወር መዋጮ አንድ ወር ውስጥ ገባና ሴፕቴምበር ባዶ ቀረ። ፋይሉም አባላቱን በሙሉ «ያልከፈሉ» ብሎ አወጣቸው። ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር ሳላመሳክር አትሜ ሰጠሁ፣ ጸሐፊውም አምነውኝ ጉባኤው ፊት ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ስማቸው የተጠራ እናት ተነስተው «ልጄ፣ እኔ የማርያምን መዋጮ አሳልፌ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እድር ውስጥ «አልከፈልሽም» መባል ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሞት ማን ይቀብረኛል የሚል ሐሳብ አብሮት ይመጣል። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሳቸውም መርቀው አነሱኝ። ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ኤክሴል የእኛን ቀን አያውቅም። ጥቅምት 30ን «30/2» ብላችሁ ብታስገቡለት ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ቀን አይቆጥረውም። 13ኛ ወርም የለውም። መላው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ነው። ወሩን በስሙ ጻፉት፣ የማን ወር እንደሆነ ጥያቄ እንዳይነሳ። እና ምንም ነገር ጉባኤ ፊት ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ የሃያ አባላትን ስም ከባሕር መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

6. ርክክቡን ለፈተና ሳምንት አታቆዩት። ቀደም ብላችሁ ጸሐፊው አንድ የመዋጮ ቀን ብቻቸውን ይመዝግቡ፣ እናንተ ኪቦርዱን ሳትነኩ ከጎን ተቀመጡ። እሳቸው ግራ የገባቸው ቦታ ሁሉ የእናንተ ስህተት ነው፤ ያኑ ማታ አስተካክሉት። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ፣ አሠራሩን ደግሞ በአንድ ገጽ አማርኛ አትማችሁ ስጡ። የወረቀት መዝገቡ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ጎን ለጎን ይቀጥል። የሦስቱም ወር ድምር ከኤክሴሉ ጋር እኩል ከመጣ በኋላ የትኛው እንደሚሻላቸው ጉባኤው ራሱ ይወስን።