ድንጋይ የሚቆርጥ፣ ብረት የሚበይድ ሰው ምን ይልበስ? እንዴትስ ይልበስ?

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብየዳ ቤቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ እብነ በረድና ግራናይት መቁረጫው ብዙ ነው። መከላከያ ጨርሶ የሌለበት ቤት ግን ያን ያህል አይበዛም፤ ጓንቱም መነጽሩም ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ችግሩ ለየትኛው ሥራ የትኛው ዕቃ እንደሚሆንና እንዴት እንደሚለበስ አለመታወቁ ነው። ያለ ቦታው የገባ መከላከያ ደግሞ ሰውን ያጀግናል፤ «ማስክ አድርጌያለሁ» ብሎ ከአቧራው መሃል የማይወጣው ብዙ ነው።

አቧራና ማስክ

መጀመሪያ የምትቆርጡትን ዕወቁ። እብነ በረድ ውስጥ ያለው ሲሊካ፣ ማለትም ደቆ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳው የድንጋይ ማዕድን፣ ቢበዛ 2 በመቶ ገደማ ነው። ግራናይት ውስጥ ግን ከ20 እስከ 45፣ ሴራሚክ ውስጥ ከ30 እስከ 45፣ ኮንክሪት ውስጥ ከ25 እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ማሽን ጠዋት እብነ በረድ፣ ከሰዓት ግራናይት የሚቆርጥ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ዓይን የማያየው ደቃቁ ነው፤ ወፍራሙ መሬት ከወረደ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ሲሊካ ሳንባ ላይ የሚያወጣው ጠባሳ አይድንም፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። ሳል ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሳትጠየቁ «ድንጋይ ቆራጭ ነኝ» በሉ፤ ምርመራውን ይለውጠዋል። አቧራ ያጥባል ተብሎ ማታ ማታ የሚጠጣው ወተት ለሆድ ጥሩ ነው፤ ወደ ሳንባ ግን አይሄድም፣ አቧራም አያጥብም።

ፎጣ፣ ሻርፕና ሰማያዊው የሐኪም ቤት ማስክ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ቢያንስ ኤን 95 (N95) ወይም ኤፍኤፍፒ 2 (FFP2) የሚል የማጣሪያ ደረጃ የተጻፈበት የአቧራ ማስክ ያስፈልጋል፤ ግራናይት በደረቁ የሚቆረጥ ከሆነ ከእነዚህ የበለጠ የሚያጣራው ኤፍኤፍፒ 3 (FFP3) ወይም ፒ 100 (P100) ማጣሪያ የሚገጠምለት የጎማ ማስክ ይሻላል። 95 በመቶ ያጣራል የሚባለው ግን በጨርቁ ውስጥ ስላለፈው አየር ነው። በጉንጭ በኩል ሾልኮ የሚገባውን ማንም አያጣራውም።

አለባበሱ እንዲህ ነው። ጺም ካለ ማስኩ ቆዳ ላይ አይገጥምም፤ የሁለት ቀን ጺም እንኳ ክፍተት ይፈጥራል፣ ስለዚህ ተላጩ። ማስኩን መዳፋችሁ ላይ አድርጉት፤ የአፍንጫው ብረት ወደ ጣታችሁ ጫፍ ይሁን፣ ማሰሪያዎቹ ከእጃችሁ በታች ይንጠልጠሉ። ከአገጭ ሥር ጀምራችሁ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡት። የላይኛው ማሰሪያ ከጆሮ በላይ አልፎ ወደ ጭንቅላት ኋላ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ ይውላል። ሁለቱንም አንገት ላይ ማዋል፣ ወይም «ያጨናንቀኛል» ብሎ የታችኛውን መቁረጥ፣ በየቤቱ የምናየው ስህተት ነው፤ ያኔ አገጭ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅ፣ በግራና በቀኝ እኩል ተጫኑት፤ በአንድ እጅ ከተቆነጠጠ መሃሉ ይሾልና በጎኑ ያስገባል።

ከዚያ ፈትሹ። ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ። አየር ወደ ዓይን ከወጣ ብረቱን፣ በጉንጭ ከወጣ ማሰሪያውን አስተካክሉ። ቫልቭ (ትንፋሽ ማስወጫ ክዳን) ያለው ከሆነ ቫልቩንም ሸፍናችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ማስኩ ወደ ፊት ሰመጥ ማለት አለበት። መነጽራችሁ እንፋሎት ከያዘ ያው በላይ በኩል እያስወጣ ነው።

ማስክ አይታጠብም፤ በኮምፕሬሰርም አይነፋም። አቧራውን የሚይዘው ጨርቁ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ውኃው ያጠፋዋል፣ የኮምፕሬሰር ንፋስ ደግሞ ጨርቁን ይቀደዋል። መተንፈስ ሲከብድ፣ ሲረጥብ፣ ውስጡ ሲቆሽሽ ቀይሩት፤ ግራናይት ላይ ለሚውል ሰው ይህ በቀን ቢያንስ አንድ ነው። ለምሳ ስትወጡ ማሽኑ አጠገብ ሚስማር ላይ አትስቀሉት። ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ ይውልና አቧራውን እንደ ሳህን ያጠራቅማል፤ ተመልሳችሁ ስታደርጉት የመጀመሪያው ትንፋሽ ያንን ይዞ ይገባል። ንጹሕ የወረቀት ከረጢት ይበቃዋል።

ከማስክ በፊት ግን ውኃ ይቀድማል። ለውኃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውኃ ዲስኩ ላይ ካገኘ አብዛኛው አቧራ እዚያው ይቀራል። ተራውን የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፣ ይገድላል።

ቀለም የሚረጭና በቲነር የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ማስክ አይመለከተውም። የአቧራ ማስክ ሽታንና ጋዝን አያስቀርም፤ ካርትሪጅ፣ ማለትም ማስክ ላይ የሚገጠም የጋዝ ማጣሪያ፣ ይፈልጋል። ስትገዙ በቀለሙ ብቻ አትመኑ። የቲነር ትነት የሚይዘው በአውሮፓ ደረጃ ቡናማ፣ በአሜሪካ ጥቁር ነው። ነጩ ደግሞ በአውሮፓ ለአቧራ፣ በአሜሪካ ለአሲድ ጋዝ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ካርትሪጅ ተከፍቶ ከተቀመጠ ማንም ሳይጠቀምበትም ያልቃልና በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ይደር።

ግራይንደርና ዓይን

ግራይንደር ሲነሳ መነጽር ብቻ ወይም የፊት መሸፈኛ ብቻ አይበቃም። መሸፈኛው በአገጭ በኩል ክፍት ስለሆነ ፍንጣሪው ደረት ነክቶ ከሥር ይገባል። ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር ከውስጥ፣ መሸፈኛው ከላይ ይሁን። ዲስክ ሲፈነዳ ግን ሁለቱም የሚችሉት ትንሽ ነው። 115 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይችላል፤ 230ው ከ6,600 ብዙም አያልፍም። ጋርዱን (የዲስኩን መከለያ) ፈትቶ ትልቁን ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ የሚገጥም ሰው ቦምብ ነው የሚገጥመው። መሃሉ ያለው የብረት ቀለበት ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ እዩት።

ዓይን ውስጥ ብረት ከገባ አትሹት፤ ጓደኛም በክብሪት እንጨት ወይም በጨርቅ ጫፍ አያውጣው። ዓይኑን ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። ሲሚንቶ ወይም ኖራ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው።

ብየዳ

የብየዳ ማስክ ጥቁሩ መስታወት የጥቁረቱን መጠን የሚናገር ቁጥር አለው። በኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 160 አምፔር ስትበይዱ 10 ቁጥር፣ ከ160 እስከ 250 ደግሞ 12 ተስማሚ ነው። የፀሐይ መነጽር ምንም ያህል ቢጠቁር አይተካውም። ዓይንን የሚያቃጥለው ጨረር ሲመታ አያምም፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆኖ ይመጣል። ብረቱን ይዞ ፊቱን ዞር የሚያደርገው ረዳትም ከግድግዳና ከቆርቆሮ የሚመለሰው ጨረር ያገኘዋልና ለእሱም የብየዳ ማስክ ይገዛ።

ብዙ በያጅ የሚጎዳው ከበየደ በኋላ ነው። ማስኩን ያነሳና ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፍ ትኩሱ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከማስኩ ሥር ነጭ መነጽር ይኑር፤ አይውለቅ።

ልብስ ጥጥ ወይም ወፍራም ጂንስ ይሁን፤ ናይሎን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪው ጫማው ላይ ይውረድ፣ ወደ ውስጥ አይከተት፤ ፍም ጫማ ውስጥ ከገባ እስኪፈታ አይጠብቅም። የረጠበ ጓንት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና በክረምት ተቀያሪ ያዙ። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ስትበይዱ ወደ ደጅ አውጡት፤ ነፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ ወደ ጎን ይውሰደው። አለበለዚያ ማታ ወባ የመሰለ ብርድና ትኩሳት ይመጣል።

ሄልሜት አንዴ ከባድ ነገር ካረፈበት ባይሰነጠቅም ይጣላል። ለጆሮ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት መጮኽ ካስፈለገ መከላከያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ አጠቅልሉ፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ሳቡ፣ ከገባ በኋላ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያዙት። በቁም ድሪል ላይ ደግሞ ጓንት አይደረግም፤ ማሽኑ ጓንቱን ይዞ እጁን ይጎትታል።

ዕቃው ከማን ኪስ ይገዛ ለሚለው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብንም አጠቃቀሙን ማስተማርንም የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። አንቀጽ 93 ደግሞ የተሰጠውን በትክክል መጠቀምን የሠራተኛው ያደርገዋል።

ሥራ ሲያልቅ ማስኩ በመጨረሻ ይውለቅ። ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ቀኑን ሙሉ የተከላከላችሁትን አቧራ በአንድ ደቂቃ ፊታችሁ ላይ መመለስ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቱታው እዚያው ይደር። ቤት የሚሄድ ከሆነም በፌስታል ታስሮ ይሂድና ከልጆች ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ ከመታሸቱ በፊት ውኃ ውስጥ ይነከር።