ጠላ ስትቀምሱ ቶሎ አትፍረዱ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጠላ ቤት ስትገቡ በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረዱ። እሱ አፍ ማጠቢያ ነው። ፍርዱ ከሁለተኛው ይጀምራል።

ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። የወይራ ጭስ ቀስ ብሎ ከመጣ ጋኑ በደንብ ታጥኗል ማለት ነው። አቸቶ አቸቶ ካለ ግን አየር ገብቶበታል ወይ ሰንብቷል፣ ይቅርባችሁ።

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱት። ጥቁር ጠላ ቀለሙን የሚያገኘው ከተቆላው እህል ነው፤ የፈረንጆቹ ስታውት ቢራም የሚጠቁረው በተቆላ ገብስ ነው። ጎበዝ ጠማቂ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። እህሉ በልኩ ከተቆላ ቡና ቡና የሚል፣ መረር ያለ ደስ የሚል ጣዕም ይሰጣል፤ ካረረ ግን ምላስ ላይ አመድ አመድ እያለ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ጌሾውንም ጭራሽ ይሸፍነዋል። ንጹህ የጌሾ መራራነት ከዋጣችሁ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል።

ጉሽ ከሆነ ድፍርስ ማለቱን እንደ ጥፋት አትቁጠሩት፣ ያልተጣራ ነውና ወጉ ነው። በጣም የቀዘቀዘም አትቅመሱ፣ ቅዝቃዜ ጉድለት ይደብቃል። ደግሞ ቅመሳው ከአዋዜው በፊት ይሁን፤ በርበሬ ያቃጠለው ምላስ ምንም አይለይም።