ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለምትሄዱ

ጣና ላይ እንግዳ ይዛችሁ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የምትሄዱ ከሆነ፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ንገሩት፦ ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ባልና ሚስት አብረው ሄደው፣ ሚስት ወደቡ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ማየት ያሳዝናል። አብራችሁ ለመሳለም ከፈለጋችሁ በዘጌ በኩል ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትሻላለች፤ የግድግዳ ሥዕሎቿም ዓይን ያፈዛሉ።

ለወንዶቹ ግን ዳጋ ሌላ ነው። ዳገቱን በዛፍ ጥላ ስትወጡ ትንሽ ያስተነፍሳል፤ ከላይ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። መነኩሴው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ ትምህርት ቤት የሸመደድነው ስም ድንገት ሰው ይሆናል።

በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ ትንሽ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ጸሎት የሚያስታውሰው ያኔ ነው። ክረምቱን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴን፣ ዝለሉት። ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ጥርት፣ ደሴቱም ገና አረንጓዴ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃልና ካልሲ ያዙ፤ ዝርዝር ብርም አትርሱ።