ጓዳና አደባባይን በወረቀት አኒሜሽን እንዴት እናሳይ?

«ለማንም እንዳትነግሪ!» የተባለ ወሬ ሰፈሩን ለማዳረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? የግል ጨዋታና የአደባባይ ወሬ ልዩነት በገለጻ ሲተነተን እንቅልፍ ያመጣል። በአኒሜሽን ግን በ30 ሰከንድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረቀቱን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሳችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲታዩ ወረቀቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ስልክ፣ ካርቶን፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ መቀስና የጠረጴዛ መብራት ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ወሬውን ፍጠሩ። የእውነተኛ ሰው ገመና እንዳታመጡ። የእኔ ባለታሪክ እቁብ የደረሳት ሴት ናት። ቡና ላይ ለጎረቤቷ ሹክ ትላታለች። ጎረቤቷ በቴሌግራም ለእህቷ፣ እህቷ ለቤተሰብ ግሩፕ። በነጋታው ብድር ፈላጊ በሯ ላይ ተሰልፏል።

ሰፊ ካርቶን ለሁለት ክፈሉ፤ ግራው ጓዳ፣ ቀኙ አደባባይ። ጓዳውን በቡናማና በብርቱካናማ ወረቀት አሙቁት፤ ረከቦት፣ ሲኒዎች፣ ሁለት ሰው ብቻ። አደባባዩ ነጣ ይበል፤ ሰዎቹ ብዙ ይሁኑ፣ ፊት አትሳሉላቸው። መሃል ላይ መጋረጃ ይኑር፤ እሱን ግን ከወረቀት ሳይሆን ከእውነተኛ ጨርቅ ቅደዱት።

ወሬውም ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ ነው። ክብ ወረቀቶች በአምስት መጠን ቁረጡ፤ ትንሹ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ትልቁ የሻይ ሰሃን ያህል። ትንሹ ላይ «እቁብ ደረሰኝ» ብላችሁ ጻፉ። ትልቁ ላይ «ሎተሪ ደረሳት!»። ወሬ አይደል?

ስልኩን በሁለት የመጽሐፍ ክምር ላይ ወደታች አጋድሙት። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የተባለው መተግበሪያ የቀደመውን ፎቶ በስሱ እያሳየ ያግዛችኋል። በሰከንድ 12 ፎቶ ካላችሁ ለ30 ሰከንድ 360 ታነሳላችሁ። ከበዛባችሁ በሰከንድ 8 አድርጉት፤ 240 ይሆናል። የቤቱን መስኮት ሸፍኑ፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዳይቀያይርም ቆልፉት። እኔ በመስኮት ብርሃን ጀምሬ ደመና መጣና ጓዳዬ እንደ ጭፈራ ቤት ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ። ሁሉንም ከዜሮ!

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። ብዙ ሰው ሁለቱን ክፍል በማሳመር ይደክምና መሻገሪያውን በሦስት ፎቶ ይገላግለዋል። እዚህ ጋ አዝግሙ። ክቡን በየፎቶው ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ግፉት። ጨርቁን ከስር በጣታችሁ ትንሽ አንሱት፣ ይነፋ፣ ይጨማደድ። ወረቀት ይሄን አያደርግላችሁም። ወሬው ግማሹ ጓዳ፣ ግማሹ አደባባይ ሆኖ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይቁም። ተመልካቹ «ተመለስ!» ማለት ያምረዋል። ከዚያ ካለፈ በኋላ በየጥቂት ፎቶው መጠኑን ቀይሩ።

ድምፁን በመጨረሻ ቅዱ። የጓዳውን ሹክሹክታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታችሁ፣ ስልኩን አፋችሁ ስር አድርጋችሁ። የአደባባዩን ደረጃ ላይ ቆማችሁ፣ እንዲያስተጋባ።

መዝጊያው ላይ ሴትዮዋ ሮጣ ትወጣና ወሬዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትጎትተዋለች። ክቡ ግን የሰሃን ያህል ሆኗል፤ በመጋረጃው ስር አይገባም። አዙራ ትሞክራለች፣ ትገፋዋለች። እዚህ ላይ ድምፅ አታስገቡ።