ከድሬዳዋ በጅቡቲ በኩል ወደ አሳልና አቤ ሐይቆች እንዴት ይኬዳል?

የድሬዳዋ ሰው ጅቡቲን የሚያውቃት በወደቧ፣ በሸቀጧና በዘመድ ጥየቃ ነው፤ ከተማችንን የቆረቆራት ባቡርም በ1895 ዓ.ም. የመጣው ከዚያው ነው። ይሁን እንጂ ከዋና ከተማዋ የጥቂት ሰዓት መንገድ የሚርቁትን ሁለቱን የበረሃ ሐይቆች ብዙዎቻችን ሳናይ እንመለሳለን። የአዋሽ ወንዝ ጉዞውን የሚጨርሰው ከነዚህ በአንዱ፣ በአቤ ውስጥ ነውና፣ ይህ ለኛ ከሽርሽር ያለፈ ጉዞ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣና ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣ፣ በዚያ ጊዜ ልጅና አዛውንት ይዞ መሄድ አይገባም። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አስቀድመው ይሟሉ። የባቡሩን የጉዞ ቀን ቀደም ብለው ያጣሩ፤ አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያም ሆነ የሚወርዱበት የናጋድ ጣቢያ ከመሐል ከተማ ራቅ ያሉ ናቸው።

ጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ጭር ትላለች። ከእኛ አገር የሚሄደው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ሲደርስ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል፤ ሰው ደጅ የሚታየው አመሻሹ ላይ ነው። ስለዚህ መኪና መከራየቱ፣ ገንዘብ መመንዘሩና ስንቅ መግዛቱ በጠዋት ይለቅ፤ ዓርብ የዕረፍት ቀን መሆኑንም አይዘንጉ። ከሾፌሩ ጋር ሲዋዋሉ ዋጋው ነዳጅንና የሾፌሩን አዳር ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ይነጋገሩ። እዚያ የሚሠራበት የአውሮፓውያን ሰዓት ነውና «አምስት ሰዓት» የተባለው የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት መሆኑን ደጋግመው ያረጋግጡ። እኔ ይህን ባለማጣራቴ አንድ ሙሉ የጉዞ ቀን አጥቻለሁ።

አሳል ሐይቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። ዌአ የምትባለውን ከተማ አልፈው ወደ ታጁራ በሚገነጠለው መንገድ ሲታጠፉ፣ በ1971 ዓ.ም. የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ እያዩ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ይወርዳሉ፤ ይህም የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። የሐይቁ ውኃ ከጉቤት ባሕረ ሰላጤ በመሬት ውስጥ ሰርጎ የሚመጣ ሲሆን፣ ፀሐይ ስለምታተንነው ጨውነቱ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ገደማ ሆኗል። የዳር ጨዉ እንደ ስባሪ ብርጭቆ ስለሚቆርጥ በባዶ እግር አይርገጡት። ከውኃው ሲወጡ ጨዉ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቅና ይለበልባል፤ ስለዚህ ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ መኪናው ላይ ይቀመጥ።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን አቤን እመርጣለሁ፤ እሱም የግድ አዳር ይፈልጋል። መንገዱ ነጩን የግራንድ ባራ ሜዳ አቋርጦ እስከ ዲኪል ከተማ አስፋልት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለላንድክሩዘርና መንገዱን ለለመደ የአካባቢው ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት)፣ የእጅ ባትሪ፣ ለቀን ሽርጥ፣ ለሌሊት ደግሞ ጋቢ ይያዙ።

ሐይቁ ዳር ተደርድረው የሚታዩት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። የተሠሩትም ሐይቁ ዛሬ ካለበት ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን፣ ከሥር የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ከሐይቁ ውኃ ጋር ሲገናኝ ኖራው እየረጋ በመቆለሉ ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ይነሡ፤ ከስንጥቆቹ የሚወጣው እንፋሎት በግልጽ የሚታየው አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ፍልውኃው ስለሚያቃጥል እጅዎን አይክተቱበት፤ ወደ ፍላሚንጎዎቹ ሲጠጉም መሪዎ የረገጠበትን ብቻ ይርገጡ፣ ምክንያቱም ላዩ የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ሰውን እስከ ጉልበቱ ይውጣል። ግራንድ ባራን ቀትር ሳይሆን እንዲያልፉት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጓዝዎን ጭነው ይመለሱ።