ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት፦ በፍሪሲዮን ምርመራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት የፍሪሲዮንን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል) መንሸራተትና አለመላቀቅ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለቱም «ፍሪሲዮኑ ሄዷል» ይባልላቸዋል፤ ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ሲንሸራተት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ዙሩ ብቻውን ከወጣ፣ ሸራው (የፍሪሲዮን ዲስኩ የሚፋተግበት ሽፋን) አልቋል፣ ዘይት ነክቶታል ወይም ፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ (ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ያለውን ልል እንቅስቃሴ) አጥቷል። ሳይላቀቅ ሲቀር ደግሞ ማርሽ እምቢ ይላል፤ በተለይ የኋላው ሲገባ ይፋጫል። እዚህ ላይ ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን ይሞክሩ። ጠፍቶ በቀላሉ እየገባ ሲነሳ ብቻ ካስቸገረ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም ማለት ነው። ጠፍቶም ከከበደ ግን የማርሽ ማገናኛውን ወይም ራሱን ካምቢዮውን ይጠርጥሩ።

ፔዳሉ ስለላላ ብቻ ሸራ መግዛትም ስህተት ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያ በኋላ ማርሹ ከገባ የዘይት መስመሩ አየር ይዟል ወይም የፔዳሉን ግፊት ከሚያስተላልፉት የፍሪሲዮን ሲሊንደሮች አንዱ ግፊት አይይዝም። በብዙ መኪኖች ፍሪሲዮንና ፍሬን ዘይት የሚያገኙት ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሲጎድል እየሞሉ መንዳት አደገኛ ነው። የሚፈሰው ቦታ የግድ መገኘት አለበት፤ ከፔዳሉ በስተኋላ ያለውን እርጥበትም አይዝለሉ።

ድምፅ ሲሰማ ሁሉንም በፍሪሲዮን ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ በሚያላቅቀው ተሽከርካሪ ክፍል) ማሳበብ የተለመደ ነው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ያዳምጡ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይዞራል፤ ፔዳሉ ሲወርድ ያ ዘንግ መሽከርከሩን ያቆማልና።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪና የሞተር መቀመጫ ጎማው ተበጥሶም ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይዩት።

የእጅ ፍሬን ይዞ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን መልቀቅ ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ደህና ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ነገር ግን ከፊት ሰው በሌለበት ሜዳ አንዴ ብቻ ይደረግ። መደጋገሙ ጤነኛውን ሸራ ያቃጥላል።

ካምቢዮው የግድ ከወረደ ደግሞ ዲስክ ብቻ ቀይሮ መግጠም ይቅር። አሮጌው ሸራ ዘይት ከጠጣ፣ የሚያፈሰው የሞተሩ ወይም የካምቢዮው ዘይት መያዣ ጎማ ካልተቀየረ አዲሱም ያው ነው የሚሆነው። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውና ዲስኩ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት ወይም ስንጥቅ መኖሩን ያጣሩ፤ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንም አብረው ይቀይሩ።