ሳተላይት ቻርጅ ሲያስቸግር፦ ቁሱን ከመቀየር በፊት ገጹን ማየት

በጠፈር ያሉ ኤሌክትሮኖች ሳተላይት ላይ ሲጠራቀሙ ገጹ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተወነጨፈችው ኤቲኤስ-6 ሳተላይት ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምድር ጥላ ውስጥ ሳለች እስከ 19 ኪሎቮልት የሚደርስ አሉታዊ ቮልቴጅ ይዛ ተመዝግባለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ወቀሳው ቶሎ ሳተላይቱ የተሠራበት ቁስ ላይ ያርፋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ላዩን የለበሰውን፣ በናኖሜትር የሚለካውን ስስ ሽፋን ነው።

ምልክት፦ ያው የአሉሚኒየም ናሙና ትናንትና ዛሬ የተለያየ ቮልቴጅ ያሳያል።

ምክንያት፦ ገጹን የመታ ኤሌክትሮን ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስወጣል፤ የሚወጣው ከሚገባው ሲያንስ አሉታዊ ቻርጅ ይጠራቀማል። ንጹህ አሉሚኒየም ለአንድ ገቢ ቢበዛ አንድ ያህል ይመልሳል፤ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ሽፋን) የለበሰው ከሁለት በላይ ሊመልስ ይችላል። ካርቦን ሲሸፍነው ይህ ቁጥር መልሶ ይወርዳል። ሻካራ ገጽም ያው ነው፤ የወጣው ኤሌክትሮን በጎድጓዳው ግድግዳ ላይ ተመልሶ ይቀራል።

መፍትሄ፦ ናሙናውን በጓንት ይያዙ፤ ክር በማይተው ጨርቅ በአልኮል ይጥረጉት። ከልክ በላይ ማጽዳት ግን ራስን ማታለል ነው፤ ኦክሳይድ ለብሶ የሚበረውን ኦክሳይድ እንደለበሰ ይለኩት። ከሰዓታት ሙከራ በኋላ የመሞከሪያው የኤሌክትሮን ጨረር ያረፈበትን ቦታም ልብ ብለው ይመልከቱ። ቡናማ ክብ ካዩ፣ በቫኪዩም ክፍሉ ውስጥ የነበረ የዘይት ትነት በጨረሩ ተሰባብሮ ካርቦን ሆኖ ተጋግሯል። ጨረሩን ወደ ጎን ያንሸራትቱ፤ የመጀመሪያው ንባብ ከተመለሰ ጥፋተኛው መለኪያዎ ራሱ ነው።

ምልክት፦ የሳተላይቱ አንድ ክፍል፣ ኤሌክትሮኖችን ሊያስወጣለት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን እየመታው፣ አሉታዊ ቮልቴጅ ይይዛል።

ብዙ ጊዜ ክፍሉ የሌላ አካል ጥላ ስር ነው፤ ይህን በቅድሚያ ያጣሩ። ካልሆነ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ገጽ ብርሃኑን ስለሚመልስ በፀሐይ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ያንሳሉ።

ምልክት፦ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ቅብ) የተቀባ የካፕተን (ሙቀት የሚቋቋም ፕላስቲክ) ፊልም የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ያወጣል።

ቅቡ ሲታጠፍ ተሰንጥቆ፣ ከሳተላይቱ አካል ጋር ያልተገናኘ ደሴት ፈጥሮ ይሆናል። ገጹን በማይቧጭር ለስላሳ የመለኪያ ጫፍ ከየማዕዘኑ እስከ አካሉ ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩ፤ የተነጠለውን ቁራጭ ይቀይሩ ወይም በራሱ ሽቦ ያገናኙ። ልኬቱ ፊልሙ ከተገጠመ በኋላ ይደገም፤ ጠፍጣፋ ሳለ የተመዘገበው ቁጥር ስለ እጥፋቱ የሚናገረው የለም።